ጓሳው ሲዘጋ

ውርጩ ከሣሩ ላይ ሲለቅ፣ ፀሐይም ጀርባ ማሞቅ ስትጀምር፣ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ የጓሳ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ይበተናሉ። መንጋው ሲሰባሰብ በመቶዎች ይቆጠራል። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ሲያልቅ ሳይነሡ በቂጣቸው ተንፏቀው ወደሚቀጥለው ይጠጋሉ። ቀይ ቀበሮ ብቅ የሚለው በዚህ መሀል ነው። ውሻ ቢሆን ኖሮ መንጋው ተጯጩሆ ወደ ገደሉ በነጎደ ነበር፤ ለቀበሮው ግን ቀና ብሎ የሚያየው እንኳ ጥቂት ነው። እሱም ጠባዩን አሳምሮ ይገባል። አይሮጥም፣ ግልገል አያሳድድም፤ ረጃጅም እግሮቹን እያነሣ በመካከላቸው ያዘግማል። ድንገት ይቆማል፤ ጆሮውን ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ይዘላል። ሲነሣ አይጥ በአፉ ይዟል።

በጓሳ ጭላዳዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ይህን አደን ቆጥረውታል። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በ2015 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳተሙት፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆኖ ከሚሞክራቸው የአይጥ አደኖች 67 ከመቶው ይሳካሉ፤ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት 25 ከመቶው ነው። ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ስለሚያስበረግጉለት ይሁን፣ ወይም ከብዙ ቡናማ ጀርባ መካከል አይጦቹ እሱን ስለማይለዩት፣ ነገሩ ገና አልተቋጨም። ስምምነቱም ገደብ አለው። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጠቀ፤ መንጋው ወረደበት፣ ግልገሉን አስጣለው፣ ተመልሶ እንዳይቀላቀልም አባረረው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የግጦሽ መሬት ላይ ነው። ላምና በግ የሚሰማሩበት፣ ሣሩ ታጭዶ ቤት የሚከደንበት የጋራ መሬት ላይ። በአገራችን የተራቆተ መሬት ይዳን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ችግኝ ነው፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ቁጥር ይነገራል። ጓሳ ላይ ችግኝ ቢደረደር ግን ልማቱ ጥፋት ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ከፍ ባለው በዚህ ደጋ የአገሬው ተክል ማለት ጓሳ ሣር፣ ጨረንፌ፣ አስታ፣ ጦስኝና ብቻውን እንደ ዘብ የሚቆም ጅብራ ነው። ባሕር ዛፍ እዚህ እንግዳ ነው፤ ለአይጡም ለቀበሮውም የሚሆን ነገር የለውም።

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አልፈው ጣርማበር ሲደርሱ ዋናው አውራ ጎዳና ዋሻውን ሰንጥቆ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የመንዙ መንገድ ደጋውን ሳይለቅ በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ያቀናል። በዚያው መንገድ ገብሱ እየሳሳ፣ ነፋሱ እየበረታ ይሄድና ከፊት ለፊት ወርቃማ ሣር የለበሰ ሜዳ ይዘረጋል። በምሥራቅ በኩል ሜዳው ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው የሚወርድ ገደል ይሆናል። ጓሳ ላይ የጣለ ዝናብ በምሥራቁ ወደ አዋሽ፣ በምዕራቡ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአገር ካርታ ኢምንት፣ ለመንዝ ጌራ ምድር ግን ብዙ።

ሣሩን ከቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ጓሳ እንደ ሰርዶ መሬት ላይ አይነጠፍም፤ በያለበት ክምር ክምር ብሎ ጉልበት ድረስ ይቆማል። አንዱን ክምር በሁለት እጅ ከፈት ሲያደርጉት ከውጭ የዘንድሮው ቅጠል አለ፣ ቀጭንና ጠንካራ። ከሥሩ ያለፉት ዓመታት ደረቅ ቅጠል ተደራርቦ ይገኛል። ከዚያም በታች ጣት ሲገባ እርጥበት አለ፤ በበጋ ሌሊት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር የሣሩ እምቡጥ የሚተርፈው በዚያ የደረቀ ቅጠል ጋቢ ተሸፍኖ ነው። በየዓመቱ ከሥሩ ከታጨደ ወይም ከብት እስከ ሥሩ ከጋጠው ጋቢው ይገፈፋል፤ እምቡጡ ይቃጠላል፤ ክምሩ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። እድገቱም ዝግ ነው፤ ብርዱ አያቻኩልም። ስለዚህ ጓሳ አጭዶ ዳግመኛ ለማጨድ ዓመታት መጠበቅ ግድ ይላል።

የመንዝ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ ኑሮው ሣሩ ላይ ነበርና። ቤት በጓሳ ይከደናል፣ ክዳኑም ከሌላው ሣር ይልቅ ዕድሜ አለው። ገመድ ይገመድበታል፣ ለምርጊት ከጭቃ ጋር ይቦካል፣ ፍራሽ ይሞላበታል፣ መጥረጊያ ይታሰርበታል። እረኛው በክረምት ጀርባው ላይ የሚጥለው ጌሳ ከዚሁ ሣር ይሠራል። ጨረንፌው ለማገዶ ይውላል። አጭሩ ሣር ላይ የሚውሉት የመንዝ በጎች ደግሞ ጠጉራቸው ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። ድርቅ ሲገባና ቆላው ሲነድ ጓሳ የመጨረሻው ግጦሽ ነው። እንዲህ ያለ ሀብት ባለቤት ከሌለው በሁለት ክረምት ያልቃል። ባለቤት ነበረው።

አፈ ታሪኩ አስቦና ጌራ ከሚባሉ ሁለት አባቶች ይጀምራል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ አካባቢውን የያዙት እነዚህ ሁለት ሰዎች ደጋውን ከእርሻ ለይተው ለሣርና ለግጦሽ ተዉት፤ ድርሻቸውንም በፈረስ ግልቢያ ወሰኑ ይባላል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በአጽመ ርስት የመጠቀም መብት ወረሱ። ከዚያ የመጣው የአስተዳደር ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር (ከቅርብ ዓመታቱ ፖለቲካ ጋር አይገናኝም)። ተጠቃሚዎቹ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚሉትን አለቃ ይመርጣሉ፤ አንዱ ለአስቦ ወገን፣ ሌላው ለጌራ ወገን። አለቃው ጓሳው መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ይወስናል፤ ጠባቂ ይመድባል፤ የተላለፈውን ይቀጣል። ጥበቃው በተራ ስለነበር ተራውን ያልወጣ ሰው ራሱ ጥፋተኛ ነበር።

የሥርዓቱ ልብ የቀን መቁጠሪያው ነበር። ጓሳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። በዚያ ጊዜ ማጨድ የለም፣ ማሰማራት የለም፣ ማገዶ መልቀም የለም። አለቆቹ ሣሩን አይተው ደርሷል ሲሉ ይከፈታል፤ ብዙውን ጊዜ በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ በጋው ሲጠና። መጀመሪያ ማጭድ ይገባል፤ ሰው የክዳኑንና የገመዱን ይወስዳል። ከብቱ የሚገባው ከአጨዳው በኋላ ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም ይወጣል፤ መዝጊያው ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው። አልሰማሁም ማለት አይቻልም፤ ጾም መፈታቱን ያልሰማ የለም።

ዛሬ የግጦሽ ባለሙያዎች በገበታ የሚያስረዱት ነገር በዚያ ቀን መቁጠሪያ ውስጥ አለ። መሬት በክረምት ሲረጥብ የከብት ኮቴ ያጨቀየዋል፤ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ የአይጡን ጉድጓድ ይደፍነዋል። ሣሩም የሚያድገው፣ የሚያብበውና የሚያፈራው በዚያው ወቅት ነው። በበጋ ግን መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ፍሬው ረግፏል፤ ከብቱ የሚበላው ያለቀለትን ቅጠል ነው። ስለዚህ ቄሮ የሣሩን የእድገት ጊዜ ለሣሩ፣ የድርቁን ጊዜ ለከብቱ ሰጠ። የቀይ ቀበሮ ምግብ በአብዛኛው አይጥና መሰል ፍጥረት በመሆኑ ሳይታሰብ ቀበሮውም በሕጉ ተጠቀመ። ቄሮን የመሠረቱት ሰዎች ለቀበሮ ብለው አንዲት ደንብ አላወጡም። የቤታቸው ክዳን ያሳሰባቸው ሰዎች ነበሩ፤ እኔ በበኩሌ ሥርዓቱ ይህን ያህል ዘመን የቆየው በዚህ ምክንያት ነው እላለሁ።

ሆኖም ቄሮን ማሞካሸት ብቻ ልክ አይሆንም። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው፣ ጢሰኛ ወይም መጤ፣ ከገደሉ አፋፍ ቤት ቢኖረውም ጓሳ ውስጥ መብት አልነበረውም። ቅጣቱም ከባድ ነበር። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ብዙ የመንዝ ሰው የተደሰተው በከንቱ አይደለም። አጽመ ርስት ቀረ፤ አባ ቄራ ሥልጣኑን አጣ፤ ገበሬ ማኅበራት መጡ። ለዘመናት በሩ የተዘጋበት ሰው ማጭዱን ይዞ ገባ። ችግሩ በሩን የሚዘጋ አካል አብሮ መጥፋቱ ነበር። ሣሩ በየዓመቱ ታጨደ፣ ጨረንፌው እየተነቀለ ለማገዶ ተሸጠ፣ ከብቱ ክረምት ከበጋ ሜዳው ላይ ዋለ፣ ከዳር ዳር እርሻው እየገፋ መጣ።

የሚገርመው ሥርዓቱ ተመልሶ የቆመበት መንገድ ነው። ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊ የዶክትሬት ሥራውን በጓሳ ላይ ሠርቶ፣ በኋላ ከናይጄል ሊደር ዊሊያምስ ጋር በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ እንደሚታየው የጋራ አስተዳደሩ አልሞተም፤ ቅርጹን ለወጠ። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ተወካይ ልከው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ። መብቱ ከዘር ወደ ነዋሪነት ተዛወረ። የቀን መቁጠሪያው ግን በአሮጌው ዐቅድ ላይ ተመሠረተ፤ መዝጋት፣ መጠበቅ፣ በበጋ መክፈት። ፍራንክፈርት ዞኦሎጂካል ሶሳይቲ የተባለው ድርጅት ደገፈው፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ዛሬ ጠባቂዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ የእንግዳ ማረፊያውም የማኅበረሰቡ ነው።

እዚህ ላይ ስሜንን ማንሣት ይገባል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1996 (እ.ኤ.አ.) በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከዚያ አልወጣም። ከምክንያቶቹ አንዱ ልቅ ግጦሽ ነበር። ከመፍትሔዎቹ አንዱ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎችን ወደ ደባርቅ ማዛወር ሆነ። ዋልያው ተጠቅሞ ይሆናል። ግን አንድ መንደር ከነመቃብሩ ከአያቶቹ ሜዳ ሲነሣ የሚከፈለው ዋጋ በካሣ ሰነድ ላይ አይሰፍርም። ሁለቱ ቦታዎች አንድ አይደሉም፤ በስሜን ሰው ፓርኩ ውስጥ ይኖር ነበር፣ በጓሳ ላይ ግን ጥንቱንም ቤት አልተሠራበትም። ቢሆንም መሬት የሚያገግመው ሰው ሲነሣ ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች ጓሳ መልስ አለው።

የቦታውን ማገገም ከጭላዳ አመጋገብ ማየት ይቻላል። ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚመሩት የጓሳ ጥናት እንዳሳየው፣ የዚህ ቦታ ጭላዳዎች ሣር ብቻ አይበሉም፤ ከሣር ውጭ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎችና ሥራሥሮች ከምግባቸው ትልቅ ድርሻ ይይዛሉ። ጭላዳ ሣር በል ዝንጀሮ ነው የሚለው የድሮ ድምዳሜ የመጣው በብዛት ከብት ከጋጠው ሜዳ ነበር። ከሣሩ ሌላ የቀረለት ነገር ባልነበረበት ሜዳ ጭላዳን አይተን ጠባዩን ጻፍን ማለት ነው። መሬቱ ሙሉ ሲሆን ገበታውም ሙሉ ይሆናል።

ከብቱም ቢሆን በልኩ ከሆነ የቀበሮ ጠላት አይደለም። በባሌ፣ በዌብ ሸለቆ፣ ቀይ ቀበሮዎች በከብት መንጋ መሀል ተጠግተው አይጥ ሲያድኑ በተደጋጋሚ ታይተዋል፤ በጓሳ ጭላዳው የሚሰጣቸውን ሽፋን በባሌ ላሟ ትሰጣቸዋለች። ከእረኛው ኋላ የሚሄደው ውሻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

በጓሳ ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ተመራማሪዎች ከነዋሪው ጋር ተቀምጠው ባካሄዱት ጥናት ቁጥቋጦው የሣሩን ቦታ እየወሰደ መሆኑ ተነግሯል። ለጎብኚ ዓይን ደስ ይላል፤ ዐረንጓዴ ነው። ለሣር አጫጁ ግን ኪሳራ ነው። ድሮ ጨረንፌው በማገዶ፣ ጓሳው በአጨዳ ሚዛን ይጠበቅ ነበር። አሁን ማገዶ ለቀማው ሲከለከል ቁጥቋጦው በረታ። በዚያ ላይ ቆርቆሮ መጣ። ከመሐል ሜዳ እስከ ገጠሩ ድረስ ጣሪያው ሁሉ ያብረቀርቃል፤ የሣር ክዳን የድህነት ምልክት ሆኗል። ቆርቆሮ የከደነ ገበሬን ለሣር ክዳን ብሎ ጓሳን ይጠብቅ ማለት አይቻልም። በሬው በድርቅ ዓመት እንዲተርፍለት ግን ይጠብቃል። ስለዚህ የኮሚቴው ክርክር ቀስ በቀስ ከአጨዳ ወደ ግጦሽ መዞሩ አይቀርም፤ ሲዞርም ደንቡ ለማጭድ ከተሠራው የበለጠ ጥብቅ መሆን ይኖርበታል። ማጭድ ልክ አለው፤ በግ ልክ የለውም።

እስከዚህ ያለው ስለ አንድ ሜዳ ነው። አንድ ሜዳ ደግሞ ቢለመልም እንኳ ደሴት ነው።

በመላው ዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ላይ ናቸው። የተቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ተራሮችና በጓሳ ተበታትነው ይኖራሉ። ጓሳ ላይ ያሉት በጥቂት ዐሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ቤተሰብ አንድ ክፉ ወረርሽኝ ቢገባበት ከውጭ የሚተካው ከሌለ ያልቃል። ማለቁም በግምት የሚነገር አይደለም፤ በዚያው በሰሜን ሸዋ በጎሽ ሜዳ፣ በደቡብ ወሎ በጉጉፍቱ፣ በጎጃም በጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ነበረ፣ ዛሬ የለም። የጎሽ ሜዳና የጉጉፍቱ ቀበሮዎች መጥፋት ጉዳቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ቦታዎቹ ለሌሎቹም መሸጋገሪያ ነበሩ።

ሁሉም ክፍተት የሰው ጥፋት ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የበረዶው ዘመን አልቆ ምድር ስትሞቅ ውርጫማው ደጋ ወደ ተራራ ጫፍ ሸሸ፤ የባሌውንና የመንዙን ቀበሮ የለየው ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ያንን ማንም መልሶ ለማገናኘት አያስብም። ከመንዝ እስከ ወሎ ባለው ሰንሰለት ላይ ግን ገላጋዩ ገብስ ነው። በኢትዮጵያ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከግማሽ በላዩ ታርሷል። ታች ያለው ማሳ በልጆች መካከል ሲከፋፈልና ሲደክም ገበሬው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከ3,500 ሜትር በላይ ሳይቀር ገብስ ይዘራል። ቀበሮ በታረሰ ማሳ ላይ ማለፍ አይሳነው ይሆናል፤ አድኖ ማደር ግን አይችልም፤ ማሳው ዳር ደግሞ ቤት አለ፣ ቤቱ ደጃፍ ውሻ አለ።

እንግዲህ እነዚህን ደሴቶች የሚያገናኝ መተላለፊያ ይከፈት ሲባል ከየት እስከ የት ነው? ለእኔ መልሱ ገደሉ ነው። ከአንኮበር ጀምሮ በጣርማበርና በጓሳ ጠርዝ አልፎ ወደ ወሎ የሚዘልቀው የምሥራቁ ሸንተረር ማረሻ የማይደፍረው ገደል ነው። ጭላዳ እስከ ዛሬ በየቦታው የተረፈው ሌሊት የሚያድርበት ይህ ገደል ስላለው ነው። የጎደለው ከገደሉ አፍ በስተላይ ያለው ቀጭን የሣር ሜዳ ነው፤ ጭላዳው ጧት የሚግጥበት፣ ቀበሮውም ከተራራ ወደ ተራራ ሲሻገር አይጥ የሚያገኝበት። ያንን ሰቅ ለማስመለስ ተራራ መግዛት አያሻም። ከአፋፉ ጥቂት ወደ ኋላ ማረስ ማቆም፣ በክረምት ከብት አለማስገባት፣ ጓሳው ራሱ ከተረፈው ክምር እንዲያገግም ጊዜ መስጠት ነው። ጓሳ ፈጽሞ በጠፋበት ቦታ ደግሞ ክምሩን ከነሥሩ ከፍሎ መትከል ይቻላል፤ አድካሚ ነው፣ ግን ከችግኝ ጣቢያ የሚመጣ ባሕር ዛፍ ያህል ውኃ አይጠጣም።

አሁን ወደ ውሻው። መተላለፊያ የሚከፈተው ለቀበሮ ብቻ አይደለም፤ በሽታም በዚያው ያልፋል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በባሌ፣ በዌብ ሸለቆ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ገባ። በተጠቃው ቦታ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ሸለቆው ከሌሎቹ የባሌ ሜዳዎች ጋር በጠባብ መተላለፊያዎች የተያያዘ ስለሆነ ስጋቱ በሽታው እየተሻገረ ሁሉን ይጨርሳል የሚል ነበር። የተወሰደው ርምጃ እስከ ዛሬ በዘርፉ ይጠቀሳል፤ ሁሉንም ለመከተብ ከመሮጥ ይልቅ በመተላለፊያዎቹ አካባቢ ያሉ 70 ያህል ቀበሮዎች ተይዘው ተከተቡ። በሽታው ቆመ። የዳንኤል ሃይደንና የባልደረቦቹ ስሌት በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሲታተም ያሳየው መተላለፊያውን የጠበቀ ሰው ከጥቂት ክትባት ብዙ እንደሚያተርፍ ነው። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ሸሽጎ በፈረስ እየዞረ ለቀበሮዎቹ ማብላት ጀምሯል። መርፌም ወጥመድም የለውም፤ ቀበሮው ሥጋውን ነክሶ ይከተባል።

ይህ ግን የውሻውን ክትባት አያስቀርም። የደጋ ውሻ ጌጥ አይደለም፤ ጅብና ተኩላ ከበጎቹ የሚያርቅ ነው። ገበሬውን ውሻህን እሰር ማለት በግህን ስጥ ማለት ነው። ስለዚህ በመንዝም ሆነ በወሎ አዲስ መተላለፊያ ይከፈት ከተባለ መጀመሪያ መግባት ያለበት የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ በየዓመቱ፣ ሳይዘገይ፣ ከሣሩም ከጥበቃ ዘቡም በፊት። ባልተከተቡ ውሾች መሀል የተከፈተ መንገድ ከተዘጋው ይከፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘብ ነው። ጓሳ ከእንግዳ ማረፊያው ጥቂት ገቢ አለው፤ የክልሉ ጸጥታ በደፈረሰባቸው ዓመታት ግን እንግዳ በሌለበት ሎጅ አይበላም። በቱሪስት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ጥበቃ መጀመሪያ የሚወድቀው በዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው። ጓሳ ያልወደቀው ከሎጁ በፊት ሣሩ ስለነበር ነው። በሌላው ሰንሰለት ላይ መተላለፊያ ለመክፈት የሚነሣ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ቢይዝ ይበጀዋል።

ሒሳቡም የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ከ3,500 ሜትር በላይ የሚዘራው ገብስ በኢትዮጵያ ካለው እርሻ ሁሉ እድለ ቢሱ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ይወርድና እሸቱን ነጭ አድርጎ ያሳድረዋል፤ ገበሬው ማሳውን ለከብት ይለቃል። በማይመታው ዓመትም ምርቱ ትንሽ ነው፤ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ገደሉ ይሄዳል። ያ ገበሬ ማሳውን ለሣር ቢለቅ የሚያጣው በየዓመቱ ተስፋ የሚያደርገውን እንጂ በየዓመቱ የሚያፍሰውን አይደለም። በምትኩ የድርቅ ግጦሽ ድርሻ፣ የበግ ክትባት፣ ወይም ታች ላለው ማሳው የተሻለ ዘር ቢሰጠው ልውውጡ ከእህል ካሣ ይረክሳል። ከእርሻ የሚመለሰው ቁራሽ ትንሽ ነው፤ የሚነካውም ላይኛውን፣ የመጨረሻውን ማሳ ብቻ ነው።

የሚከብደው የሰው ጉዳይ ነው። የጓሳ ኮሚቴ ሥልጣን የሚያልቀው የተጠቃሚ ቀበሌዎቹ ወሰን ላይ ነው። የገደሉ አፍ ግን ከወረዳ ወደ ወረዳ፣ ከዞን ወደ ዞን ይሄዳል፤ በአንዱ ወረዳ ሐምሌ 5 የተዘጋ ሣር በሚቀጥለው ክረምቱን ሙሉ ይጋጣል። አስቦና ጌራ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ወሰናቸውን ለመለየት ሁለት ፈረስ በቃቸው። ከጓሳ እስከ ጉጉፍቱ ባለው አፋፍ ላይ በአንድ ቀን ከብት እንዲወጣ ለመስማማት የሰሜን ሸዋና የደቡብ ወሎ ዞኖች፣ የወረዳዎቹ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ የቀበሌ ሊቃነ መናብርትና የየደብሩ ሽማግሌዎች አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው። በሰሜን ወሎ በአቡነ ዮሴፍ ማኅበረሰቡ የራሱን ጥብቅ ሥፍራ አቋቁሟል፤ በደቡብ ወሎ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ከጓሳ ጋር ሲቆጠሩ ሦስቱም የየራሳቸው ጠባቂ፣ የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በመካከላቸው ስላለው የሣር ሰቅ እስካሁን ደንብ የጻፈ የለም፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ምናልባት የመዝጊያውን ቀን የሚወስነው ይሆናል፣ እሱ ደግሞ በመንዝ ተጽፎ አለ።